የ27 ቁጥር ፔጆ ባለአደራ፦ የአቶ ቢራቱ ባይሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢራቱ ባይሳ ከአባታቸው ከአቶ ባይሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቂቱ፣ ዛሬ ባኬ ጃማ በሚባለው የነቀምት ክፍለ ከተማ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ኢቢሴ ነኝ። በልጅነታቸው ያገኙትን ሁሉ ፈትተው ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር፤ የእናታችን ፋኖስ እንኳ አልተረፈም። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚሁ ተምረው በከተማው በነበረ አንድ ጋራዥ መካኒክነት ለመማር ገቡ።

መኪናው ወደ ሕይወታቸው የመጣው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በነቀምት በኩል ወደ ጊምቢ በሚያልፍ የመኪና ውድድር ላይ አቶ ዋለ የተባሉ ተወዳዳሪ ዲዴሳ ቁልቁለት ላይ ተገለበጡ። ነጭ ፔጆ 404 ነበር፤ በሮቹ ላይ 27 ቁጥር ተጽፎበታል። እሳቸው ተረፉ፤ መኪናው ግን ጣሪያው ተደፍጥጦ በጭነት መኪና ተጭኖ ጋራዡ ደረሰ። አቶ ዋለ፣ መለዋወጫ ይዤ እስክመለስ አደራ ብለው ቁልፉን ለወንድሜ ሰጡ። አልተመለሱም። አብዮቱ መጣ፣ ታሰሩ፣ እዚያው እስር ቤት አረፉ።

ጋራዡ ሲዘጋ አቶ ቢራቱ መኪናውን አስጎትተው ግቢያቸው አስገቡ፤ የራሳቸውንም ጋራዥ ከፈቱ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ በዛብሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ገመቺስን እና ኬኔን ወለዱ። ወይዘሮ በዛብሽ ዶሮ የማሳድርበት ቦታ ጠፋ እያሉ ዕድሜ ልካቸውን አማረሩ፤ ባለቤታቸው ግን ያንን መኪና ማንንም ንክች አላስደረጉም። ብረት የሚገዛ ሰው በራፉ ላይ ቆሞ ካዩ የቀኑ ምሳ አይበላላቸውም ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ጋራዡን ለገመቺስ አስረክበው እድሳቱን ጀመሩ። ጣሪያውን አቃኑ፣ የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ በየዱ፣ የጎደለውን ከመርካቶ አስመጡ። ቀለም ቀቢው 27ቱን ቁጥር ሊሸፍነው ብሩሽ ሲያነሳ የጮኹት ጩኸት፣ ኧረ ጎረቤት ነው ያስወጣው። በ2009 ዓ.ም. የአቶ ዋለን ልጅ ወይዘሮ መታሰቢያን አፈላልገው አገኙ፤ መኪናው በራሱ ጎማ ሄዶ አዲስ አበባ ደጃፍሽ ላይ ይቆማል ብለው ቃል ገቡላቸው። በ2012 ዓ.ም. ሞተሩ ተነሳ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ሲያጨበጭብ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ።

ብዙም ሳይቆይ ጸጥታው ደፈረሰ። መኪና ይወሰዳል፣ ይቃጠላል ይባል ጀመር። አቶ ቢራቱም ያን ሁሉ ዓመት የገጠሙትን መልሰው ፈቱት። ዕቃውን በየሰው ቤት በአደራ በተኑት፤ ለማን ምን እንደሰጡ ግን ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም። ስንጨቀጭቃቸው፣ የማታውቁትን ማንም ገርፎ ከእናንተ አያወጣም ይሉን ነበር። መንገዱ ሰላም ሲሆን ራሴ እሰበስበዋለሁ እንዳሉ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ያየነውን ጭንቅ አታንሱብን። እጃቸውን ወደ ግቢው ይዘረጋሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። እኛ የሰው ስም እየጠራን እንጠይቃለን፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አዎ ይሁን አይደለም፣ እንጃ።

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። መርዶው እንደተሰማ ለቀስተኛው ብረት ይዞ ይመጣ ጀመር። አቶ ኢስማኢል ከኡኬ ከተማ ሁለቱን የፊት በሮች በብርድ ልብስ ጠቅልለው በባጃጅ አመጡ፤ አልጋችን ሥር ነበር፣ ኦቦ ቢራቱ ለማንም እንዳትናገር ስላሉኝ ባለቤቴ ዚነትም ምን እንደሆነ አላወቀችም አሉ። ጎረቤታችን ሞተሩን ከማገዶ ክምር ሥር ጎትተው አወጡ። መሪው፣ ጎማዎቹ፣ የኋላ በሮቹ፣ ሁሉም ተራ በተራ ገቡ። እስከ ዛሬ ጠዋት ያልመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን። ያለ እሱ መኪናው አይነሳም።

ወይዘሮ መታሰቢያ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ትናንት ከአዲስ አበባ ሲገቡ ቴስታታው አለመገኘቱን በምን አፋችን እንንገራቸው ብለን ስንነሳ ስንቀመጥ ነበር፤ በመጨረሻ ገመቺስ እንደምንም ነገራቸው። እሳቸው ግን መኪናውን ትተው፣ የያዘው ሰውስ ደህና ነው ወይ አሉ። እኛ ይህን ሁሉ ጊዜ ዕቃው የት ገባ ስንል፣ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅንም። በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ቤቱ ተቃጠለ፣ ስንቱ አገር ጥሎ ሄደ፣ ስንቱ አለፈ። ከትናንት ጀምሮ የሚያስጨንቀን ይኸው ነው።

አቶ ቢራቱ ባይሳ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን እና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አደራ ሳይበሉ ኖረዋልና ጌታ ነፍሳቸውን በአደራ ይቀበልልን፤ ለወይዘሮ በዛብሽም መጽናናትን ይስጥልን። ቴስታታውን የያዙት ሰው ሆይ፣ እዚህ ካሉ ወይም ወሬያችን ከደረሰዎት፣ ብረቱ ይቅር። ደህና ነኝ ብቻ ይበሉን።