አባባ ያገኘው ግማሽ ዲግሪ

ጥቅምት 3
ጠዋት አንድ ሰዓት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም። 13.9። አባባ አልጋው ላይ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ከቴርሞሜትሩ ሳጥን ስር። እህቴም ነበረች፤ ትናንት መጥታ እዚሁ አደረች።

"ውሃ እንደጠጣች ዶሮ ታንጋጥጫለሽ" ብላ ሳቀችብኝ።

አባባ እንደ ሁልጊዜው በመስኮቱ፣ "ስንት አለ?" ነገርኩት። በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ጻፈው... ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እንዲህ ነው።

ቁርስ ላይ እህቴን ለአየር ጠባይ ቢሮ ደብዳቤ አጻፋት። አስራ አንድ ዓመት እሱ ያነበበውን፣ አልጋ ከያዘ ወዲህ ደግሞ አራት ዓመት እኔ ያነበብኩትን አነጻጽሮ።
"ጠዋቱ በግማሽ ዲግሪ ሞቋል በይ። ያገኘው አናጢ ነው በይ።"
"አባባ፣ አናጢ የሚለው ይቅር።"
"ዝም ብለሽ ጻፊ! ሳጥኑንስ ማን ሠራውና?"
ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ጥቅምት 9
14.1። እህቴ ደብዳቤውን ለአየር ጠባይ ቢሮ አድርሳለች።

ጥቅምት 14
ደመና። 14.5። የሳጥኑ በር ስለላላ ሚስማር ገዛሁ። ባለሱቁ በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ጠቀለለልኝ። ወረቀት ሳላነብ አልጥልም፤ የማውቀውም ሁሉ እንዲሁ የተለቃቀመ ነው። ገጹ ስለ ቴርሞሜትር ነበር። ዓይን ከፈሳሹ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል... ከታች አንጋጦ ያየ ሰው አብዝቶ ያነባል።

ደግሜ አነበብኩት።

አባባ ሳጥኑን የሰቀለው በራሱ ቁመት ነው። እኔ ደግሞ እንደ ዶሮዋ... አራት ዓመት ሙሉ!

ጥቅምት 15
በርጩማ ጎትቼ ወጣሁበት። 14.1። ወርጄ እንደ ወትሮዬ አየሁ። 14.6። ወጣሁ፣ ወረድኩ... ያው ነው።
"ምንድን ነው የምትጎትቺው?" አለ አባባ።
"ምንም።"
ጠዋቱ አልሞቀም። የእኔ ማጠር ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ጥቅምት 17
14.3፣ በርጩማ ላይ ሆኜ። ዛሬስ ልንገረው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እህቴ ደወለች። ነገ ከሰዓት ከቢሮው ባለሙያ ሊመጣ ነው!
"ሳጥኑንም ያያል?" አለ አባባ፤ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጢሜን ላጪኝ።"
ላጨሁት። ጨርሼም አገጩን ይዤ ደግሜ ላጨሁት።
ባለሙያው ሳጥኑን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። ለመረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

ጥቅምት 18
ጠዋት አንድ ሰዓት። ስስ ጉም። በርጩማውን ሳልጎትት ተሸክሜ ወጣሁ። ቆምኩበት። ዓይኔን ከጫፉ ጋር እኩል አደረግሁ። 14.2። ደብተሩ ላይ 14.2 ጻፍኩ።
"ስንት አለ?"
"አስራ አራት ነጥብ ሰባት።"
"አላልኩም!" አለ። በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ጻፈው።
ወረድኩ። በርጩማውን ተሸክሜ ወጥ ቤት መለስኩት።