ጣውንቴን ያጠብኩ ዕለት

እሑድ፣ ጥር 6፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንዴት ነህልኝ? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ሁለተኛዋ የፊት ጥርሷም ወልቃ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። "ለአባዬ ንገሪልኝ" ስላለችኝ ይኸው ነገርኩህ። የድልድዩ ሥራ እንዴት እየሄደ ነው? ብርዱ በርትቷል ስትል ሰምቼ ያንን ወፍራም ሹራብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ።

በስልክ ላወራህ እችል ነበር። ግን በስልክ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው። "መኪናዋ እንዴት ናት? ሸራው አልተገለጠም? ወፍ አላበላሸባትም?" ከዚያ ልጅህ፣ ከዚያ እናትህ፣ ካርዱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ "አንቺስ?" አንተ ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ ተራዬ ከጎማ ቀጥሎ ሆነ! ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ "ባሌ ጣውንት አመጣብኝ፤ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ባለ አራት በር" ብላት በሳቅ ፈረሰች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ቅናት ነው፣ አልክድህም። መኪናዋ አዲስ ሆና ከመጣች ጀምሮ አንተ ወደ ሥራህ እስክትሄድ በነበሩት ሁለት ወራት፣ እሑድ እሑድ ግቢ ውስጥ ስትንበረከክላት በኩሽናው መስኮት አይሃለሁ። እጅጌህን ሰብስበህ፣ እየተነፈስክባት፣ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያልክ ታብሳታለህ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ሦስት ጊዜ በፊትህ ባልፍ "ጥላሽ ወደቀባት፣ ዞር በይልኝ" አልከኝ። እሱን እስክሞት አልረሳውም።

ያም ሆኖ ዛሬ ትእዛዝህን ፈጸምኩ። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍክልኝን ወረቀት አንስቼ ወጣሁ። "ፀሐይ ላይ እንዳታጥቢያት። ሁለት ባልዲ ያዢ፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቂያ። ከጣሪያው ጀምረሽ ወደ ታች። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቢነካት ወየውልሽ!" እውነቱን ልንገርህ? ሽቦውን በእጄ ይዤው ነበር። ኮፈኑ አጠገብ ቆሜ አንዴ ብቻ ልጫራት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እናትህ በበረንዳው በኩል ብቅ ሲሉ ሽቦውን ባልዲው ውስጥ ከተትኩት።

አጠብኳት። አደረቅኋት። ፖሊሹን በጨርቅ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ አሸኋት፤ ዳቦ ቤት ስንት ዓመት ሊጥ ያሸ እጅ ማሸት ያውቅበታል። ሰሙንም ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ ጭጋግ እስኪመስል ጠበቅሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩት። ፊቴ ኮፈኑ ላይ ወለል ብሎ ታየኝ። ታምራለች፣ ምን ላድርግ!

በመጨረሻ ወደ ጋቢናው በር ዞርኩ፤ ከአንተ ጎን ወዳለው። እጀታው ሥር፣ ጣት በሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጭረት አለ። ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን፣ እላዩ ላይ የተደጋገመ። የጥፍር ጭረት ነው። ጥፍሯን ያሳደገች ሴት፣ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሩን ስትከፍት የሚወጣ።

ጣቴን አስገብቼ ሞከርኩት። የእኔ ጥፍር ለሊጡ ሲባል ከሥጋው እኩል ተቆርጦ ነው የሚኖረው፤ ምንም አይጭርም። ደግሞስ እኔ መች ጋቢና ተቀምጬ አውቃለሁ? ልጅህን መኪና ውስጥ ስለሚያስመልሳት ፌስታል ይዤ ከኋላ ነኝ። እናትህም ጉልበታቸውን ይዘው ከጎናችን ናቸው። አንዳንዴ ጋቢና የሚቀመጠው ጓደኛህ ነው እንዳልል፣ ያ ሰው ጥፍሩን በጥርሱ ከጨረሰው ቆየ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ደግሞ ቁልፉ ከእኔ አልተለየም፣ በሯንም የከፈተ የለም።

ቆሽቴን ያሳረረው ገና ነው። ወረቀትህ ላይ በገዛ እጅህ ጽፈሃል፦ "ቀጭን ጭረት ካየሽ አትደንግጪ፤ ፖሊሽ ጠብ አድርገሽ ቀስ ብለሽ እሺው፣ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል።" አንተ ዝንብ ያረፈችበትን የምታይ ሰው ነህ። በየእጀታው ሥር ጣትህን እያስገባህ ስትወለውል አይቼሃለሁ። የሦስቱ በሮች እንደ መስታወት ነው። ይኼን ብቻ አልነካኸውም። አላየሁትም እንዳትለኝ፣ በልጃችን ይዤሃለሁ። አይተኸዋል። እንዲጠፋ አልፈለግህም።

እኔ ሞኟ ስንት ወር ሙሉ በመኪና ስቀና ከረምኩ!

ፖሊሹን ጨርቁ ላይ አድርጌ ነበር። አምስት ደቂቃ ነው። ላጠፋውና ምንም እንዳላየ ሰው ልቀመጥ እችል ነበር፤ ለልጅቷ ስል፣ ለአሥራ አንዱ ዓመት ስል። እጄ እንቢ አለኝ። መኪናህ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ሰም ተቀብታ ሸራዋን ለብሳ ቆማለች። ያቺን ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ ብቻ እንደተውካት ትቼልሃለሁ።

የፖሊሹ ጠርሙስና ንጹሕ ጨርቅ ጋቢናው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስትመጣ፣ እቃህን ሳታወርድ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ እያየሁ በገዛ እጅህ ታጠፋዋለህ። ጥላዬ ቢወድቅባትም ዞር አልልልህም። እጅህ ካመነታ አያለሁ፤ ያኔ ሌላ ነገር መናገር አያስፈልግህም።

ሹራቡን ልበሰው። ከፍታ ላይ ስትወጣ ገመድህን ጥብቅ አድርገህ እሰር። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅህ፣ በደህና ለቤትህ ያብቃህ።

ሚስትህ

ረስቼው ነበር፦ እሑድ ጥፍሬን የምቆርጥበት ቀን ነው። ዛሬ አልቆረጥኩም።