ለሦስት የተቆረጠው ፓስወርድ

ሚያዝያ 12
ዛሬም ከቁርስ በፊት አሥራ ሁለት ፕሮሰስ ገደልኩ። የእድራችንን ድረ ገጽ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ምንዳዬ? ድረ ገጹ ጥግ ላይ የእኔና የክፍል ጓደኛዬ የይስማው የአሥረኛ ክፍል የፈተና ጥያቄዎች... ስድስት መቶ ደረሱ፤ ከቢቸና ተውሰን ከመለስነው ወረቀት ላይ በስልክ የጻፍናቸው። ሌላ ቅጂ የለም።

የሊቀመንበራችን የጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ የእህት ልጅ የቀብር ማስታወቂያ በየሰዓቱ የሚያድስ ፕሮግራም ሠራልን። ሞጣ ውስጥ በየሰዓቱ ሰው የሚሞት ይመስል! በየሰዓቱ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለት አንድ ሥራ፣ ይከፍታል፤ አይዘጋውም። የሚያከራየን ኩባንያ ሰርቨር በሚባለው ኮምፒውተሩ ላይ ስንት ደንበኛ አዳብሎናል፤ የእኛ ድርሻ ሃያ ፕሮሰስ ነው። ከሞላ አካውንቱ ይዘጋል። ስለዚህ ጠዋት ማታ እገድላለሁ።

ሚያዝያ 22
ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።
"ምን እያጠፋሽ ነው አንቺ?"
"ተንጠልጥለው የቀሩትን ነው ጋሼ።"
"የእህቴን ልጅ ሥራ?! ባሕር ዳር የተማረ የሠራውን?"

ሚያዝያ 23
ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እኔ ጣት።
መምሬ ኃይለ ሚካኤል መላ አመጡ። "ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ሰው ቁልፍ ነው የሚከፈት። ይኸም እንዲያ ይሁን።"
አዲስ ፓስወርድ ወጥቶ፣ እኔ እንዳላየው ለሦስት ተቆረጠ። መጀመሪያው ለጋሼ፣ መሐሉ ለመምሬ፣ መጨረሻው ለገንዘብ ያዧ ለእትዬ ይርጋነሽ። እትዬ መቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት።
"የሚሰረቅ ነገር እኮ የለውም" አልኩ።
"ታዲያ ምን አስቸኮለሽ ልጄ?" አሉ መምሬ።
የድሮውን ፓስወርድ በገዛ እጄ አስረከብኩ። እኔ!

ሚያዝያ 24
ሦስቱም መጡ። መምሬ መነጽር ረስተዋል። የየድርሻቸውን እስኪጽፉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ስገባ አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር፤ ገደልኳቸው... ነገስ?

ሚያዝያ 25
መምሬ ለተዝካር ሉማሜ ሄደዋል። ደወልኩ።
"ቁልፍ በስልክ አይሰጥም ልጄ።"
ማታ ሃያ ሞላና አካውንቱ ተዘጋ።

ሚያዝያ 27
ኩባንያው ጻፈ፦ በሰባት ቀን ገብታችሁ ካላጸዳችሁ ሁሉም ይሰረዛል። መምሬ ተመልሰዋል። እትዬም እሺ አሉ። ጋሼ ግን...
"አንቺው ነሽ ያዘጋሽው። የእህቴ ልጅ አዲስ ይከፍታል።"
"ጥያቄዎቹስ ጋሼ? የስንት ልጅ ፈተና እኮ ነው።"
"እኛ በፋኖስ ነው ያጠናን።"

ግንቦት 4
ተሰረዘ።

ግንቦት 17
አዲሱም ተዘጋ። ያው ፕሮግራም፣ ያው ሃያ። እትዬ ይርጋነሽ ቤታችን ድረስ መጡ።
"ነይና አጽጂልን እንጂ፣ ሦስታችንም ተቀምጠን እየጠበቅንሽ ነው።"
የምቀልድበት ነገር ፈለግሁ። አልመጣም።
"እያጠናሁ ነው እትዬ" አልኩና ወደ ደብተሩ ዞርኩ። እኔና ይስማው ከስድስት መቶው አርባ ሁለቱን አስታውሰን ጽፈናል። ፈተናው ረቡዕ ነው።