ነጭ ቀለም እንዳይተኛ የከለከሉት የእትዬ ጠብታ የሕይወት ታሪክ

በፋብሪካም በሰፈርም «እትዬ ጠብታ» ተብለው የሚጠሩት አያታችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰዓት መጠገኛው ሱቅ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ክፍሏ ጠባብ ስለነበረች የሕፃንነት መኝታቸው የተዘረጋው ከስፌት መኪናው አጠገብ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው እንደሚሉት መኪናው ሲንኳኳ ይተኛሉ፣ ሲቆም ነቅተው ያለቅሳሉ። ታላቅ ወንድማቸው ነገር ማሳመር ይወዳሉ፤ ይህን ግን እትዬ ጠብታን የሚያውቅ ሁሉ ያምናል።

ወደፊት ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበል። የበኩር ልጃቸው የሆኑት አጎቴ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ሲያዙኝ «ትሑትና ዝምተኛ እናት ነበሩ» ብዬ እንድጀምር መክረውኛል። ምክራቸውን በአክብሮት ሰምቻለሁ። ነገር ግን እትዬ ጠብታ ትሑትም ዝምተኛም አልነበሩም፤ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ከተኙበት ተነሥተው ያርሙኛል። ስለዚህ የነበሩትን እጽፋለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ገና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ የእናታቸውን የስፌት መኪና ለብቻቸው ፈትተው መልሰው ገጠሙት። መኪናው ሠራ፤ አንዲት ቡሎን ግን ተረፈች። እናታቸው ለቅጣት ቡሎኗን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉባቸው። እርሳቸው ደግሞ እንደ ጌጥ አድርገው ሰፈሩን ዞሩባት። ቅጣት እርሳቸው ላይ የማይሠራ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ለመግባት ተመዘገቡ። በመግቢያው ቀን መምህሩ መንገድ የጠፋባቸው መስሏቸው፣ የጽሕፈት መኪና ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ መሆኑን በትሕትና አመለከቷቸው። አያታችንም በዚያው ትሕትና፣ እዚያ ያሉት መኪናዎች ሲበላሹ የሚጠግናቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። መምህሩ «እኛ ነን» አሉ። እርሳቸውም ወንበር ስበው ተቀመጡ። በመካኒክነት ሲመረቁ ከክፍሉ አንደኛ ወጡ፤ ይህንንም እስኪሞቱ ድረስ ላልጠየቃቸው ሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር።

እንደተመረቁ በካርቶን ፋብሪካ፣ በማተሚያ ክፍል፣ በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በክፍሉ ውስጥ ከማተሚያው ማሽን ቀጥሎ የመቁረጫው ማሽን ይገኛል። የመቁረጫው ሠራተኛ፣ ሕትመቱ ከጠርዙ ስለሸሸ ካርቶን ይበላሽብኛል ብሎ ይከሳል፤ እትዬ ጠብታ ደግሞ የሸሸው ቢላው ነው ይላሉ። በዚህ ሲነታረኩ ቆይተው ተጋቡ። በሠርጋቸው ቀን የጥሪው ካርድ ጠርዝ ተንጋዶ ስለነበር እንደገና ተከራከሩ። የመቁረጫው ሠራተኛ፣ ማለትም ወንድ አያታችን፣ ቀድመዋቸው ቢያርፉም፣ ክርክሩን አሸንፈው እንዳልሄዱ እትዬ ጠብታ ደጋግመው ያረጋግጡልን ነበር። በትዳራቸውም ሁለት ልጆችን አፍርተዋል፤ እነርሱም ዛሬ ሒሳብ ሠራተኛ የሆኑት አጎቴና ፀጉር ሠሪ የሆነችው እናቴ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። እትዬ ጠብታ በአርባዎቹ ዕድሜ ሳሉ ፋብሪካው አሮጌውን የጎማ ማኅተም ማሽን ትቶ ትልቅ ኢንክጄት ማተሚያ አስገባ። ይህ ማሽን ካርቶኑን አይነካም። ፕሪንት ሄድ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነርሱ በኩል ቀለሙን በጠብታ በጠብታ ይተፋል። ፋብሪካው ማሽኑን የፈለገው ለጥቁር ካርቶን ነው። ጫማና ሽቶ የሚሸጡ ደንበኞች ጥቁር ካርቶን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወዳሉ።

ችግሩ ነጩ ቀለም ነው። ነጭ የሚያደርገው ዱቄት ከባድ ስለሆነ ማሽኑ ሲቆም ወደ ታች ይዘቅጣል። እሑድ ዕረፍት ተደርጎ ሰኞ ጧት ሲመጡ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ይገኛሉ፤ የታተመው ጽሑፍም ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ይሆናል። የሻጩ ድርጅት ባለሙያዎች ይመጣሉ፣ ፕሪንት ሄዱን በአዲስ ይለውጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ በሳምንቱም ያው ነው። በመጨረሻ፣ ነጭን ተዉትና በጥቁር ቀለም ብቻ አትሙ ብለው መከሩ። ሥራ አስኪያጁም ተስማሙ። እትዬ ጠብታ ግን አልተስማሙም። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸው ግን አለመስማማታቸውን በቢሮም በመተላለፊያም በምሳ ሰዓትም አሳወቁ።

መጀመሪያ የሠሩት ስሕተት ነበር፤ እርሱንም አልደብቅም፣ እርሳቸውም አልደበቁትም። የቀለሙ ዕቃ ላይ «በደንብ ይወዝወዝ» ተብሎ ተጽፏል። አያታችን ደግሞ ነገር ሲያደርጉ በልክ አያውቁም። ክንዳቸው እስኪዝል ወዘወዙት፣ ወዲያው ማሽኑ ውስጥ ጨመሩት፣ አስነሡት። ሲወዘወዝ የገባው አየር አረፋ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ዘጋቸው፤ ቀድሞ ጥቂት መስመር ይጎድል ነበር፤ አሁን ግን ጨርሶ የሚታተም ጠፋ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባቸው። ሰው ሲያገኛቸው እጁን እንደሚወዘውዝ እያደረገ ሰላም ይላቸው ጀመር። እርሳቸውም በዚያው በሚወዘወዝ እጅ ሰላምታውን ይመልሱ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገባቸው፦ ቀለሙ መናወጥ አይደለም የሚፈልገው፤ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ሁልጊዜ መሄድ ነው።

ፕሪንት ሄዱ ሁለት የቀለም በሮች ነበሩት። በአንደኛው ቀለም ይገባል፤ ሁለተኛው በመክደኛ ታሽጓል። የሻጩ ባለሙያዎች፣ ሁለተኛው በር ማሽኑ አዲስ ሲሆን ለማጠቢያ እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ነግረዋቸው ነበር። እትዬ ጠብታ መክደኛውን ፈቱት። ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች አመጡና አንዱን ከፍ ባለ፣ ሌላውን ዝቅ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ቀለሙ ከላይኛው ባልዲ በቱቦ ይወርዳል፣ በአንዱ በር ገብቶ በቀዳዳዎቹ ጀርባ ያልፋል፣ በሌላው በር ወጥቶ ታችኛው ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እሑድም ሳይቀር በእጃቸው እየቀዱ ወደ ላይ ይመልሱታል። ስለዚህ አይቆምም፣ ስለዚህም አይዘቅጥም። ሲነገር ቀላል ነው። ጭንቁ የባልዲዎቹ ከፍታ ላይ ነው። ጥቂት ከፍ ካሉ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ይንጠባጠባል፤ ጥቂት ዝቅ ካሉ ቀዳዳዎቹ አየር ይስባሉ። የሰዓት ሠሪ ልጅ ስለሆኑ መደርደሪያዎቹን ቡሎን ሲዞር በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ እንዲሉ አደረጓቸው።

በመጀመሪያው ሙከራ ሥራ አስኪያጁ ሊመለከቱ መጡና ጎንበስ አሉ። ልኩ ገና አልተገኘም ነበር። ነጩ ቀለም በጥቁር ጫማቸው ላይ ጠብ አለ። «እትዬ ጠብታ» የተባሉት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሥራውን «የባልዲ ምሕንድስና» ብለው ጠርተውታል፤ ሰኞ ጧት ግን ማሽኑ አንድም መስመር ሳይጎድለው ነጭ አተመ፤ ቀጥሎ ባለው ሰኞም እንዲሁ። አያታችንም ያንን የሁለተኛውን በር መክደኛ ከቤታቸው ቁልፍ ጋር አስረው እንደ ሜዳልያ ይዘውት ዞሩ። በኋላ አየሩን የሚያወጣ ዕቃ ጨመሩ፣ ቀለሙን ወደ ላይኛው ባልዲ የሚመልስ ትንሽ ፓምፕም ገጠሙ። ፓምፑ ሲመጣ መደርደሪያዎቹ ይነሡ ተብሎ ነበር። አሻፈረኝ አሉ። መብራት ሲጠፋ ፓምፕ ብረት ነው፣ ባልዲ ግን ሁልጊዜ ባልዲ ነው አሉ። ተሳቀባቸው፤ መደርደሪያዎቹ ግን አልተነሡም።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ከፋብሪካው አልቀሩም። ልባቸውን ሲታመሙ ሐኪሙ ዕረፍት አዘዙላቸው። ነጩን ቀለም የገደለው ዕረፍት አይደለም ወይ ብለው ሐኪሙን ወቀሷቸው።

ሕመማቸው እንደተሰማ ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ማሽኑ ለአሮጌ ብረት ገዥዎች እንደሚሸጥ ተናገሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ እዚያው ወደነበሩት አያታችን ዞረው እንዲህ አሉ፦

«ማሽኑ የሚሰማው የእርስዎን እጅ ብቻ ነው። እርስዎ ያረፉ ዕለት እሱም ያርፋል።»

እትዬ ጠብታም «እንግዲያው እኔ ልረፍና እንተያያለን» ብለው መለሱ።

አንዳንዶች ንግግሩን ውዳሴ መስሏቸው አጨብጭበዋል። ለአያታችን ግን በሕይወታቸው ከሰሙት ስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ከእርሳቸው እጅ ጋር የሚሞት ከሆነ ያሻሻሉት ነገር የለም፤ አስማት ነው የሠሩት ማለት ነው። ስለዚህ የቀራቸውን ጊዜ በሙሉ ማሽኑ እርሳቸውን እንዳይፈልግ በማድረግ አሳለፉት። የመደርደሪያዎቹን ልክ ማንም እንዲያየው በቀለም አሰመሩበት። ከዚያም ማሽኑ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡበት። በእጅ ማገዝ የለም። ዋናዋ ተማሪያቸው፣ አንድ ቦታ ስለማትረጋ «ፌንጣ» የሚሏት የማሽኑ ሠራተኛ፣ ባልዲውን ያላግባብ ከፍ ስታደርግ ያያሉ፤ ቀለሙ ሲንጠባጠብ ያያሉ፤ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ እጃቸው ግን ከጭናቸው ሥር አይወጣም። አንዴ ፌንጣ ተናድዳ፣ እትዬ እባክዎ አንዴ ብቻ ይንኩልኝ ብትላቸው፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ፣ ሬሳ ባልዲ ያነሣል እንዴ አሏት። ፌንጣ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላ በየቀኑ ጧት ለፌንጣ ስልክ ይደውሉ ነበር። ስለ ጤንነታቸው ማውራት አይፈልጉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ዛሬ ስንት ቀዳዳ ተደፈነ?» የመጨረሻው ቀን መልስ «አንድም የለም እትዬ» የሚል ነበር። እርሳቸውም ፌንጣን እንዳትዋሽ አስጠነቀቋት። አልዋሸችም።

እትዬ ጠብታ ባለፈው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በዚያው ዕለት ሥራ አስኪያጁ ለሟች ክብር ሲባል የማተሚያ ክፍሉ እንዲዘጋና መብራቱ እንዲጠፋ አዘዙ። ክብር ይሁን ሌላ ነገር እርሳቸው ያውቃሉ፤ እዚህ ተቀምጠዋልና ሊጠየቁ ይችላሉ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ነጩ ይዘቅጣል። ፌንጣና የክፍሉ ሰዎች ግን መደርደሪያዎቹን አስታወሱ። ታችኛው ባልዲ ሲሞላ በማሰሮ እየቀዱ፣ አረፋ እንዳይገባ በቀስታ ወደ ላይኛው እየመለሱ፣ ተራ በተራ ቀለሙን በእጃቸው አዞሩት። ቤታችን ለለቅሶ ያልመጡት ለዚህ ነው፤ የተቀየማችሁባቸው ካላችሁ ቅያሜያችሁን አንሱ። እነርሱ ያለቀሱት እዚያ ነው። መብራቱ ትናንት ሲመለስ መጀመሪያ ያተሙት ቀዳዳዎቹ ሁሉ መሥራታቸውን የሚያሳየውን የፍተሻ ወረቀት ነው። አንድም አልጎደለም። ሁለተኛ ያተሙት ይህን በእጃችሁ የያዛችሁትን ነው።

አዎ፣ የቀብር ወረቀት በጥቁር ላይ በነጭ አይታተምም ተብያለሁ። ይኸው ታተመ። ወደ ብርሃን አንሡትና እዩት። ፊደሎቹ ውስጥ የጎደለ መስመር የምትፈልጉ ፈልጉ። ለሥራ አስኪያጁም አንድ ተሰጥቷቸዋል። ይህ ወረቀት እትዬ ጠብታ ካረፉ በኋላ የታተመው የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ እጃቸው ያን ጊዜ ደረታቸው ላይ ተጣጥፎ ነበር። የብረት ገዥዎቹ ሰኞ ይመጣሉ ተብሏል። ይምጡ፤ ሲሠራ ያገኙታል፣ እኛንም አጠገቡ ቆመን ያገኙናል።

አያታችን ታላቅ ወንድማቸውን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ፌንጣንና መላውን የማተሚያ ክፍል ትተው አልፈዋል። አጎቴ የሥራ ባልደረቦች ከቤተሰብ ጋር አይጻፉም ብለዋል፤ እርሳቸው ግን እንዲህ ነበር የሚቆጥሩት። መክደኛው ያለበት ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ ፌንጣ ዘንድ ይሆናል።

በሕይወት ሳሉ ዕረፍት ከሚባል ነገር ጋር ተስማምተው አያውቁም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ይቀበልልን፤ ይህችን አንዲት ዕረፍት እንኳ ሳይከራከሩ ይውሰዷት። ለእኛ ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን።

እትዬ ጠብታ ዐርፈዋል። ማሽኑ አላረፈም።