የአራት ዓመቱ ዲግሪና የሂልሳ ዓሣ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ኢርሻዱል ሙንሺ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ የወቅቱ ጉንፋን እርስዎንም ቤተሰብዎንም እንዳልነካ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በቦላ ደሴት ደኅና ነን፤ እንጠብቃለን። መጠበቅን ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ልጄ ጁቲካ ስትመዘገብ የሰጣችኋት የመመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ዓላማውም «ችግርን በወቅቱ የሚፈቱ ዜጎችን ማፍራት» እንደሆነ ይገልጻል። ልጄ አሁን ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። አራትን ሰባት ማድረስ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል በቀር ማን ይችላል?

ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ፈተናዎቿን ሁሉ አልፋ የቀራት አንድ የቃል ፈተና ብቻ ነው። ለዚህም ከዋና ከተማው ከዳካ የሚመጡት ፈታኝ በጥቅምት ሊገኙ ፈቅደው ነበር። ትምህርት ክፍልዎ ግን የቆረጠው ቀን ሂልሳ እንቁላሏን በምትጥልበት፣ ማጥመዷም በሕግ በሚታገድበት ወቅት ላይ እንደሚውል ዘግይቶ አስታወሰ፤ እንግዳን ያለ ሂልሳ መሸኘት ነውር ነውና ፈተናው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ጸሐፊዎ አልደበቁኝም፤ «አባቴ፣ ለዳካ ሰው ዶሮ አቅርበን እንዋረድ እንዴ? ሰባት ዓመት የታገሠች ልጅ አሁን ምን አጣደፋት?» አሉኝ። ስለ እንግዳ አክባሪነታችሁ እጅ እነሳለሁ።

ያጣደፋት ይህ ነው። የከተማችን የሴቶች ትምህርት ቤት የመምህርነት ቦታ ይዞላት ዲግሪዋን እየጠበቀ ነው፤ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካላመጣች ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። እስከዚያው ጁቲካ ጠዋት ጠዋት ሳሪዋን ተኩሳ ትለብስና በረንዳችን ላይ የጎረቤት ልጆችን ማካፈል ታስተምራለች። ባለፈው ሳምንት አንዷ ትንሽ ልጅ «መምህርት፣ አንቺም እንደኛ ገና አልጨረስሽም አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ጁቲካ ሳቀች፤ ማታ ግን እራት አልበላችም።

ሦስተኛም ነበረኝ። ደከመኝና ተውኩት።

በትዕግሥት ትምህርት በማዕረግ ያስመረቁኝ፣ ለአንዲት የቃል ፈተና ደጅዎን የሚጠና፣ አክባሪዎ
ኦኒሜሽ ሃውላዳር፣ ከቦላ

ማሳሰቢያ፦ የዓሣ ማጥመድ እገዳው ትናንት ተነሥቷል። ዛሬ ጠዋት አንድ ወፍራም ሂልሳ በበረዶ አሽጌ በጀልባ ልኬልዎታለሁ፤ ፈታኙን ይጥሩልን። ዓሣዋ በተሰጣት ጊዜ እንቁላሏን ጥላ፣ ወቅቷን ጨርሳ ደርሳለች። በረዶው ግን እንደ ልጄ አይታገሥም።