ዛሬም ቢጠይቁኝ «አልነበርኩም» እላለሁ

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም። አክስታችን በደወለች ቁጥር «አንድ ቃል ይቅርታ ብትዪው ምን ትሆኛለሽ?» ትለኛለች። ምንም አልሆንም፤ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ስልኬን ስለማታነሳ ነው ወረቀት የያዝኩት። ፊደሎቹን አተልቄ፣ መስመሮቹን አራርቄ የጻፍኩትም ሆን ብዬ ነው። ቀስ ብለህ፣ ብቻህን አንብበው።

አባታችን ሲሞት መርጫውን ከነማንገቻው ጀርባህ ላይ ያደረግከው አንተ ነህ። ትምህርትህን ጥለህ በየሰው ጓዳ ጎንበስ ብለህ በረሮና ትኋን ስትረጭ፣ እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። «አንቺን ያሳደገሽ ትኋን ነው፤ ስትገድዪው እንኳ አመስግነሽ ግደዪው» እያልክ ታስቀኝ ነበር። ትምህርቴን ስጨርስ ሌላ ሥራ አልፈለግሁም፤ ወደ ከፈትከው የርጭት ሱቅ መጥቼ አጠገብህ ቆምኩ። ይህን ሁሉ አልረሳሁም። ውለታህን የረሳሁ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ተዋቸው።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አወጣ። በሰው ቤት ፀረ-ተባይ የሚረጭ ሁሉ ተፈትኖ ፈቃድ ያውጣ፤ ፈቃድ ያለው ሰው በቦታው ሳይቆም አይረጭ፤ ከመርጨቱ በፊት ለጎረቤት ይነገር፣ በር ላይም ማስታወቂያ ይለጠፍ የሚል። አንተ ሳቅህ። «በረሮ ሲገባ ፈቃድ ጠይቆ ነው እንዴ፣ እኔ ለማስወጣት ፈቃድ የምጠይቀው?» ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «አንቺ ሂጂና ተፈተኚ፤ ለቤቱ አንድ ይበቃል» አልከኝ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፤ ፈቃዱን መስታወት ውስጥ አስገብተህ ከመደርደሪያው በላይ ሰቀልከው። «እኔ በሌለሁበት ግን አይሠራም ጋሼ» ስልህ «ፈቃድሽ መኪና ነው እንዴ፣ ያለ ሹፌር የማይሄደው?» ብለህ አለፍከው።

እማዬን ለዓይኗ ሕክምና ይዣት ሌላ ከተማ በሄድኩበት ሳምንት ዳቦ ቤቱ ጠራህ። የዱቄት መጋዘናቸውን ነቀዝ ወሮት ነበር። የለመድነው መድኃኒት በማለቁ ነጋዴው ሌላ ጠርሙስ ሰጠህ። ቀለሙ ያው፣ ክዳኑ ያው። ጎኑ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል «ለእርሻ ብቻ፤ በቤት ውስጥ መርጨት ክልክል ነው» ይላል። ረጨህ። ከመጋዘኑ በላይ ባለው የጣውላ ወለል ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትሠራ ነበር። ማንም አልነገራትም። ደረጃው ላይ ተዘርራ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ ያገኛት ዳቦ ጋጋሪው ነው።

ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንተ አልነበረም፤ ሆስፒታል ነው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ መያዝ አቅቷት ነርሷ ታጠጣት ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «ሽታው ሲመጣ የወለል ሳሙና መስሎኝ መስኮት እንኳ አልከፈትኩም» አለችኝ። «አንድ ሰው በሬን ቢያንኳኳ ኖሮ እህቴ ጋ ሄጄ እውል ነበር።»

ያ የሳቅንበት ደንብ እኮ ሌላ ነገር አላለም ጋሼ። በር አንኳኩ ነው ያለው።

አንተ ግን ጉዳዩን ለያዘው የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ «ፈቃድ ያላት እህቴ አጠገቤ ቆማ ነበር» ብለኸው ኖሯል። እማዬ ሳሎን ተሰበሰብን። አክስታችን እጄን ይዛ «አንዲት ቃል ናት፤ ‹ነበርኩ› በይ። አንቺን በማስጠንቀቂያ ይለቁሻል፣ እሱም ሥራው ላይ ይቆያል» አለችኝ።

«ሴትየዋስ?» አልኳት።

«ሴትየዋማ ተርፋለች፣ እግዜር ይመስገን!»

እማዬ በፋሻ የታሸገ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንተ አልለመንከኝም። ብትለምነኝ ይሻል ነበር። ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር፤ «ነበርኩ» እንደምል እርግጠኛ ሆነህ።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ቢሮ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ እንዳይሆን፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነበርሽ?» አለኝ።

«አልነበርኩም።»

ወንበርህ ሲንሸራተት ሰማሁ። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» ብለህ ወጣህ። ፈቃድ እስክታወጣ እንዳትረጭ ታገድክ፤ የሱቁን ቁልፍ እማዬ ጠረጴዛ ላይ ጥለህ አውቶቡስ ተሳፈርክ። ሰፈሩ «ጡት ነካሽ» የሚል ስም አወጣልኝ። ይበሉኝ! ያልቆምኩበትን ቆሜ ነበር ብል፣ ነገ ሌላ ጣራ ስር ሌላ ሰው ይወድቃል። ያን ጊዜም «ነበርኩ» ልል ነው?

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ በመካከላችን ያልተነሳውን ላንሳ። አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ትለኝ ነበር። ጋሼ፣ አንተ መነጽር ኖሮህ አያውቅም። ገና ልጅ ሳለሁ ገብቶኛል፤ አፌን ይዤ ኖርኩ። ፊደል በቅጡ ሳይረጋልህ ከክፍል የወጣኸው እኔ እንድቀመጥ ነው። ፈተናውን የሸሸኸው ወረቀቱን ፈርተህ ነው። ይህን ሳስብ አለቅሳለሁ። ግን እኔ ስላለቀስኩ የልብስ ሰፊዋ እጅ አይጸናም። እፍረቱ ያንተ ነበር፤ መርዙ የወረደው ግን እሷ ላይ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱን ሰዎችም ቢሆን አልማርኳቸውም። ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስጠርቶኝ «አርአያ ነሽ፤ ስብሰባ ላይ ተናገሪ፣ ፎቶሽንም እንሰቅላለን» አለኝ። «ወንድሜን የግድግዳችሁ ማስጌጫ አላደርገውም» አልኩት። «ደንባችሁ ልክ ነው፤ ፈተናችሁ ግን ልክ አይደለም። ሰው መድኃኒቱን ለክቶ መበጥበጡን፣ ነፋስ አይቶ መቆሙን የምታውቁት በእስክሪብቶ ነው እንዴ? ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው ተደብቆ ይረጫል። ተደብቆ የሚረጭ ደግሞ የጎረቤት በር አያንኳኳም።»

«ደንብ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ከሰማይ አልወረደም! የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጨምሩበት።»

በየረጪዎቹ ሱቅ ዞርኩ። መነጽሩን የረሳ ስንት ሰው አለ መሰለህ ጋሼ! ሰብስቤያቸው ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ሲመልሱን እንደገና ሄድን። የበሩ ጥበቃ «ደሞ መጣሽ?» ማለት ሰልችቶት በሩን ከፍቶ ይጠብቀን ጀመር። በመጨረሻ የቃልና የተግባር ፈተና ፈቀዱ። ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው አዲስ ጠርሙስ ሲከፍት የሚያነብለት ሰው አብሮት እንዲቆም የሚልም ደንቡ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ የተፈተነው ያ አብሮህ ይሠራ የነበረው፣ «ቀጭኑ» የምንለው ነው። ፈታኙ «ደጅ እየረጨህ ነፋስ ቢነሳብህ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

«መርጫዬን አውርጄ እቀመጣለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ነፋሱ እስኪደክመው።»

ፈታኙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ቀጭኑ አለፈ፤ አሁን ሱቁን ከእሱ ጋር መልሰን ከፍተነዋል።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ እጇ ግን እንደ ድሮው አይደለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አትለኝም። መብቷ ነው። እማዬም ለረጅም ጊዜ ከእኔ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። ባለፈው ሰሞን ግን መርጫዬን ይዤ ስወጣ በር ላይ ቆማ «ጎረቤቶቹን ነግረሻል?» አለችኝ። «ነግሬያለሁ» አልኳት። «እንግዲያው ሂጂ» አለች። ያችን «ሂጂ» እንደ ምርቃት ተቀብዬ ሄድኩ።

ፈተናው በየወሩ አለ። ከመጣህ ጥያቄውን ያነቡልሃል፤ መልሱን ግን አልነግርህም፣ ፈቃዴንም አላውስህም። ፊደሉን ካቆምክበት መቀጠል ከፈለግህ እኔ አለሁ። ታላቅ ከታናሹ ቢማር ሰማይ አይደፋም።

እዚያም ያለ ፈቃድ መርጫ ተሸክመህ በየቤቱ እንደምትገባ ሰው ነግሮኛል። እውነት ከሆነ አውርደው ጋሼ። ካላወረድከው መጥቼ የምጠቁምህ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም። ከተቆጣጣሪው ቢሮ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅህም እኔው ነኝ።

ወደድክም ጠላህም፣
ታናሽ እህትህ