ተቆርጦ መቃብር ላይ ስለተተከለው ቀይ ቅጠል

ለወረዳው የመሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፎን ላሽ፣ ግሬናዳ
ኖቬምበር 18 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ ከሟች ወንድሜ ጋር በጋራ የያዝነው የካካዎ እርሻ ክፍፍል ታግዶ እንደገና እንዲለካ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ኤርሚን ባፕቲስት እናታችን ያወረሰችንን እርሻ ከወንድሜ ከሮልስተን ጋር በጋራ ይዤ ኖሬአለሁ። በወረቀት ሁሉም የሁለታችን ነው። እናታችን ግን በሕይወት ሳለች በመካከላችን ቀይ ቅጠል የሚባለውን ተክል በመስመር ተክላልን ነበር፤ ከላይ ያለው የእሱ፣ ከታች ያለው ከነካካዎ ማድረቂያ ቤቱ የእኔ። በእኛ ዘንድ ቀይ ቅጠል ድንበር ነው፤ ሰክሮ የሚሄድ እንኳ አይረግጠውም።

2. ወንድሜ በፋሲካ ማግስት አረፈ። ከተማ ያደገው ልጁ ኬልዊን ለቀብር መጥቶ፣ እኔ ለቀስተኛ ሳበላ፣ ቅጠሉን በገጀራ እየቆረጠ በአባቱ መቃብር ላይ ተከለው። መቃብር ላይም ስለሚተከል ጌጥ መስሎት ነው ብዬ ይቅር አልኩት።

3. የቢሮዎ ቀያሽ እርሻውን ሊያካፍለን ሲመጣ ግን ይኸው ልጅ፣ "አክስቴ፣ ድንበር ድንበር ትያለሽ፤ የታለ? አሳዪና!" አለኝ። መቃብሩ ላይ ነው አልኩ። ቀያሹ ሳቀ፤ "እትዬ፣ ደግሞ ሙታንን ምስክር ሊቆጥሩብኝ ነው?" አለ። ጉቶውን ላሳየው ጎንበስ ስል ሜትሩን ጠቅልሎ ጨርሷል። ማድረቂያ ቤቱ ለኬልዊን ደረሰ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ቁልፍም ገባበት። የዘንድሮ ካካዎዬ ማድረቂያ አጥቶ በቤቴ ወለል ላይ ይሻግታል። እሱ አንድ ፍሬ ለቅሞ አያውቅም።

ክቡር ሆይ፣ በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ቀያሹ ከሳቀ በኋላ ዝም ማለቴ ግን መስማማት ሆኖ ተጽፎብኛል። አልተስማማሁም! ባለማወቅ የቆረጠውን ምሬዋለሁ። በቆረጠው ማትረፉን ግን አልምርም፤ ጉቶውን ላለማየት የቸኮለውን ቀያሽም እንደዚሁ።

ኬልዊን የማያውቀው ነገር አለ። ይህ ተክል ሥሩ እስካለ ድረስ አይሞትም። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ እናቴ በተከለችበት መስመር፣ ከላይ እስከ ወንዙ፣ ቀይ ሆኖ ወጥቷል። ማድረቂያ ቤቱ ከበታቹ ነው። ልጁም ሰሞኑን ገጀራውን ሲስል አይቼዋለሁ።

ስለዚህ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ እንዲታገድ፣ ማድረቂያ ቤቱ እንዲከፈትልኝ፣ ቅጠሉ ዳግም ሳይቆረጥም ሌላ ቀያሽ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። የሚመጣው ሰው ሜትር ባይዝም ግድ የለኝም፤ ዓይኑን ይዞ ይምጣ።

ንዴቴን ሳልደብቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ኤርሚን ባፕቲስት
(ፊርማ)